ሁለት ቢጫ ቀሚስና አንድ ክር

ልጄ ሰው የሚለብሰውን ልብስ ሰው እንደሚለብሰው ለብሳ አታውቅም። አገር ሁሉ ሻሹን ከአገጩ ሥር ሲያስር እሷ በስተጎን ትቋጥረውና ጫፉን በጆሮዋ ላይ ታንጠለጥለዋለች። የቀሚሷ ቁልፎች አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ደግሞ ከኔ ካፖርት የተነቀለ ነው። "ቁልፍ አጥተሽ ነው?" ስላት "አይ አባ፣ እንደዚህ ነው ደስ የሚለኝ" ትለኛለች። እኔ አናጢ ነኝ። የሠራሁት በር አንዱ ክንፍ ከሌላው የጣት ውፍረት ቢበልጥ እህል አይወርድልኝም። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለች ልጅ እንዴት እንደወለደ እንጃ፤ ሱብሃነላህ ብዬ ዝም እላለሁ።

እናቷ ያኔ አረብ አገር ነበረች። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ሳለ "ሁለት ዓመት ሠርቼ ቤቱን ቆርቆሮ እናለብሰውና እመለሳለሁ" ብላ ነው የሄደችው። ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ። እሷ ግን አሠሪዎቿ አንድ ዓመት ጨምሪ፣ አንድ ዓመት ጨምሪ እያሏት አምስት ሞላት። በየሳምንቱ አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሃጂ ሱቅ ትደውላለች። ሃጂ የምላቸው ጨርቅ ሻጩን ነው። ሞባይል ገና ወደ ከተማችን ወደ መካነ ሰላም ሳይዘልቅ በኛ ሰፈር ስልክ የነበረው እሳቸው ጋ ብቻ ነበር። እኔ ከጣቃዎቹ መሃል ቆሜ፣ እሳቸው ጨርቅ እያጠፉ ያልሰሙ መስለው፣ የትዳሬን ነገር ሁሉ የጨረስኩት እዚያ ነው።

ሚስቴ ስለኔ ብዙም አትጠይቅም። ስለ ልጅቱ ግን የማትጠይቀው ነገር አልነበረም። "አሁንም ዳቦ ስትበላ ቅርፊቱን ትታ መሃሉን ነው የምትበላው?" ትለኛለች። እኔ መቼ አይቼ። "አዎ" እላለሁ። "አሁንም ስታኮርፍ በሩ ኋላ ነው የምትቆመው?" "አዎ።" ከዚያ ትስቅና "ልጄን አውቃታለሁ እኮ" ትላለች። ሁልጊዜ ይህችን ነገር ሳትል ስልኩን አትዘጋም። ሰው ቤት ስትለፋ ያቆማት ይህ መሆኑን አውቅ ነበር። ስለዚህ የጠየቀችኝን ሁሉ አዎ እያልኩ አምስት ዓመት ኖርኩ።

በኛ ቤተሰብ ለአረፋ ልጆችን ማልበስ የታላቅ እህቴ ሥራ ነው። ግቢያችን አንድ ነው። እሷ አራት ሴት ልጆች አሏት፣ የኔዋ ስትጨመር አምስት ይሆናሉ። ከሃጂ አንድ ጣቃ ታወርድና በአንድ ልብስ ሰፊ፣ በአንድ ዓይነት አሰፋፍ ለአምስቱም ታሰፋለች። ርካሽ ነው፣ መቀናናት የለበትም፣ ደግሞም ልጆቹ ወደ ሶላቱ ሜዳ ሲሄዱ የማን ቤት ልጆች እንደሆኑ ከሩቅ ይለያሉ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በሰላም ወጡ። በአራተኛው ዓመት ግን ጣቃው ሰማያዊ ባለአበባ ነበር፤ አራቱ አበባቸውን አሳይተው ወጡ፣ የኔዋ ገልብጣ ለብሳው ወጣች። ከጨርቁ በስተጀርባ አበባው ደብዘዝ ብሎ ጉም የመሰለ ነበርና የወደደችው እሱን ነው። ስፌቱ ሁሉ በውጭ በኩል ነበር። እህቴ በሰው ፊት ምንም አላለች። ግቢ ከገባን በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረችው።

"የሚመጣውን ራስህ አልብሳት" አለችኝ።

"እታለም፣ እኔ የልብስ ነገር ምን አውቃለሁ?"

"የሰው በር ትሠራ የለ? ያንተን ልጅ ደግሞ ሥራት።"

ስለዚህ የሚቀጥለው አረፋ ሲቃረብ ነገሩ ያስጨንቀኝ ጀመር። ጣቃ አልገዛ፣ ለአንድ ልጅ ጣቃ አይገዛ። ከደሴ ላስመጣ እንዳልል አቅሜን አውቃለሁ። ብገዛስ ምን ልገዛ ነው? ያቺ ልጅ ምን እንደምትወድ እናቷም እህቴም እኔም አናውቅም፤ ቀድሞ የሚያውቅላት ማንም የለም።

ወር ሲቀረው ሚስቴ ደውላ አብራት የነበረች የኩታበር ሴት ለጥቂት ወራት ወደ አገሯ እየገባች መሆኑን ነገረችኝ። በእሷ እጅ ለልጅቱ የአረፋ ቀሚስ ልኬያለሁ አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ሴትየዋ ደሴ ደርሳ ዕቃውን ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠችውና በአቅስታ በኩል መጣልኝ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ነበረች። የሥራ ቤቴን በር ገርበብ አድርጌ ፈታሁት።

ቢጫ ቀሚስ ነው። የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ፣ አንገትጌው ነጭ ዳንቴል። ያምራል። ሜትር ማውጣት አላስፈለገኝም። ስንት ዓመት እንጨት በዓይኔ የለካሁ ሰው ነኝ፤ በሁለት ትከሻው ይዤ ከፍ ሳደርገው የስምንት ዓመት ልጅ ቀሚስ መሆኑን አየሁ። የኔዋ አሥራ ሦስት ሞልቷታል። እኔ ጋ ስትቆም አናቷ አገጬን ይነካል።

ቀሚሱን ሳራግፈው ከእጥፋቱ ውስጥ አንድ ክር ወደቀ። ሰማያዊ ክር ነው፣ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል። ወዲያው አወቅኩት። እኛ ዘንድ ከሩቅ ቦታ ልብስ ሲገዛ ልክ የሚወሰደው በክር ነው። የመጀመሪያው ቋጠሮ የእጅጌው ርዝመት ነው፣ ሁለተኛው የደረት ዙሪያ፣ የክሩ መጨረሻ ደግሞ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። በሄደች ቀን ጠዋት፣ መኪናው ጥሩንባ እየነፋ፣ ሚስቴ ልጅቷን ደጃፍ ላይ አቁማ የለካችበት ክር ነው። ልጅቷ አልረጋ ብላት "ቀጥ በይ እንጂ" ስትላት ትዝ ይለኛል። ከዚያ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው። አምስት ዓመት ይዛው ኖራ፣ ገበያ ሄዳ፣ ቀሚሱን የለካችው በእሱ ነው።

ልጅ እንደሚያድግ ጠፍቷት ነው? የወለደች ሴት ይህ ይጠፋታል? እኔ እንጃ። እጇ ላይ የነበረው ልክ እሱ ብቻ ነው፣ ባላት ልክ ገዛች። ይህን እንኳ አሁን ነው የምለው። ያኔ የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ቁጭ ብዬ ምን ማሰብ እንዳለብኝ ግራ ገባኝ። ቀሚሱንም ክሩንም አጣጥፌ ከመላጊያዎቹ ሥር ቀበርኳቸው።

በሚቀጥለው አርብ ሃጂ ሱቅ ስደርስ ስልኩ እየጮኸ ነበር።

"ደረሰ?"

"ደርሷል።"

"ልክ ሆነላት?"

እውነቱን መናገር ቀላል ነበር። ትንሽ አጥሯል ብል ያበቃ ነበር። ግን ድምጿን ብትሰሙት ኖሮ እናንተም አትሉም ነበር። በዚያ ድምፅ ካናገረችኝ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ወላሂ ብዬ አልማልኩም፣ እሱን ፈርቻለሁ። "እንደተለካ ነው" አልኩ ብቻ።

"አውቄው ነበር" አለች። "ልጄን አውቃታለሁ እኮ። በል ለአረፋ አልብሰህ ፎቶ አስነሳት። የኩታበሯ ሴት ስትመለስ በእሷ እጅ ትልክልኛለህ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ሃጂ ጨርቃቸውን እያጠፉ "ማሻአላህ፣ ልክ ሆነላት?" አሉኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ ልክ ሆነላት" አልኳቸው። በአንድ ጁምዓ ሁለት ሰው ዋሸሁ ማለት ነው።

ወደ ቤት ስሄድ የነበረኝን ሐሳብ ልንገራችሁና ሳቁብኝ። ፎቶ ላይ የቀሚስ ልክ አይታይም አልኩ። ቢጫ ከሆነ፣ አንገቱ ላይም ነጭ ነገር ካለው፣ እሷ ሌላውን ከየት ታውቃለች? ስለዚህ የሚያስፈልገኝ በርከስ ያለ፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ቢጫ ቀሚስ ብቻ ነው። ልጅቷ የሆነውን ሳታውቅ ታደርገዋለች፣ እናቷ ፎቶውን አይታ ደስ ይላታል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ውሸትን በጨርቅ ልለብጥ ነው እንግዲህ።

በገበያው ቀን ልጄን ይዣት ወጣሁ።

"የወደድሽውን ምረጪ" አልኳት። "ቢጫ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ነው።"

"ለምን ቢጫ?"

"ያምራላ።"

"አባ፣ አንተ በሩን ሁሉ ቡናማ ነው የምትቀባው። ቢጫ መቼ ጀመረህ?"

እርምጃዬን ፈጠን አደረግኩ። ሰልባጅ የሚሸጥበት ጋ ደርሰን ክምሩ ውስጥ እስከ ትከሻዋ ገባች። እኔ ከዳር ቆሜ ቢጫ የመሰለኝን ሁሉ እየጎተትኩ አሳያታለሁ፤ እሷ "ጥሩ ነው አባ" ትልና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ልጅቱ ጨዋ ናት፣ እሱን አልክድም። እንዲህ ስንል ከክምሩ ሥር አንድ ግራጫ የወንድ ሰደርያ አወጣች። እኛ ዘንድ ሰደርያ ሸሆችና ሽማግሎች ከጀለቢያቸው ላይ የሚደርቡት ነገር ነው። እሷ ቀሚሷ ላይ ደረበችውና ሁለት እጇን ኪሱ ውስጥ ከታ ፊቴ ቆመች።

"ይኼን" አለች።

"የወንድ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሸህ ልትሆኚ ነው?"

"ኪሱን እይ አባ። አራት ነው። የሴት ቀሚስ ኪስ ያለው መቼ አይተህ ታውቃለህ?"

ሻጩን ዋጋ ብጠይቀው ርካሽ ነው። ያናደደኝ እሱ ነው፤ ውድ ቢሆን አቅም የለኝም ብዬ በሰላም እገላገል ነበር። ደግሞ አምሮባታል። ይኼኛው ባሰ። ምኑ እንዳማረባት ብትጠይቁኝ አላውቅም፣ ግን አምሮባታል። እኔ ቢጫ ፍለጋ ነው የመጣሁት፣ ቢጫው የተፈለገው በእኔ ውሸት ነው፣ ውሸቱ የተዋሸው ለእናቷ ነው፤ ይህ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተደባለቀና "አይሆንም" አልኳት፣ በቁጣ። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ሰደርያውን በደንብ አጥፋ ከክምሩ ላይ አኖረችውና እስከ ቤት ድረስ ሁለት እርምጃ ከኋላዬ እየሄደች መጣች። ያንን ሁለት እርምጃ እስካሁን አልረሳሁትም።

ተስፋ ቆርጬ ከሃጂ ቢጫ ጨርቅ አስቀደድኩ። ልብስ ሰፊው እዚያው በረንዳቸው ላይ ነው የሚሠራው። "ልጅቷን አምጣና ልለካት" አለኝ። እንዳላመጣት ለምን ቢጫ ብላ ትጠይቀኛለች። "ልኳን እኔ አውቀዋለሁ" አልኩና እርሳሴን ከጆሮዬ አውርጄ በቁራጭ ጣውላ ላይ ጻፍኩለት። እሱም በአናጢነቴ አምኖ ሰፋው።

እኔ እንጨት ስቆርጥ ሁልጊዜ ለመላጊያ የሚሆን ትርፍ እተዋለሁ። እጄ ለምዶት ኖሯል። ቀሚሱም ላይ ትቻለሁ፤ ትከሻው ላይ ትርፍ፣ ደረቱ ላይ ትርፍ፣ ወገቡ ላይ ትርፍ። አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው አምጥቼ አለበስኳት። ትከሻው ክንዷ ላይ ወረደ። እጅጌው እጇን ዋጠው። ዞር ስትል ቀሚሱ ቆሞ ይቀርና ቆይቶ ይከተላታል።

"አባ፣ ይኼ የማን ነው?"

"ያንቺ ነዋ።"

"ከኔ ጋር አንድ ሰው ይጨምራል" አለች።

እህቴ በዚህ መሃል ገባች። አየችን። ሳቋ ግድግዳውን አስደገፋት። "የአልጋ ልብስ ነው ያሰፋህላት?" አለችኝና እንባዋን ጠርጋ፣ ክፋት ሳታስብ፣ ያችን ነገር ጣለች። "ለመሆኑ ከሃጂ ሱቅ የሰማሁት ምንድን ነው? እናቷ ቀሚስ ልካ ልክ ሆነላት አልተባለም እንዴ? የታለ?"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ሄጄ ሳጥኔን ከፈትኩ፣ መላጊያዎቹን አነሳሁ፣ ቀሚሱንና ክሩን አምጥቼ መደቡ ላይ አኖርኩ።

ቀሚሱን አላነሳችም። መጀመሪያ ያነሳችው ክሩን ነው። "ይኼስ?" ስትለኝ ነገርኳት፤ ደጃፉን፣ ጥሩንባውን፣ ቀጥ በይ የተባለችውን። አንዱን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ቁልቁል ለቀቀችው። ከጉልበቷ ትንሽ ወረድ ብሎ አለቀ። እዚያው ይዛው ቁልቁል ስታየው ቆየች።

"እማ አሁንም እስከዚህ ነኝ ብላ ነው የምታስበው?"

"እኔ እንጃ ልጄ።"

"ልክ ሆነላት ብለሃታል?"

"ብያታለሁ።"

"ለምን?"

"እንዳይከፋት።"

ክሩን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። "ደስ ያላት በዚህችኛዋ ልጅ ነው እንጂ በኔ አይደለም" አለች። "እኔን አላወቀችኝም።"

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ ያየችውን ነው የተናገረችው። እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የፈራሁት ሚስቴ ልጄን አውቃታለሁ ማለቷ እንዳይሰበርባት ነበር። እሱን ልጠግን ስል ልጄን ከእናቷ እየደበቅኳት መሆኑ አልታየኝም። አሁን ምን ይደረጋል? ብናገር አንዷ ትጎዳለች፣ ዝም ብል ሌላዋ። የቱ እንደሚሻል የሚነግረኝ ሰው ብፈልግ ለሰው የሚነገር ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት መስኮት እየላግኩ ሳለሁ ከደጅ የመቀስ ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ብል ልጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ከልብስ ሰፊው የተዋሰችውን መቀስ ይዛለች፣ የትንሿ ቀሚስ አንድ እጅጌ መሬት ላይ ወድቋል። እያየሁ ሁለተኛውን ቆረጠችው። ከዚያ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከዳንቴሉ ጀምራ ፊት ለፊቱን እስከ ጠርዙ ሰነጠቀችው።

ጮህኩባት። "እናትሽ የላከችውን ልብስ ነው እንዲህ የምታደርጊው? አእምሮ የለሽም?" አልኩ፣ ሌላም የማልደግመው ነገር አልኩ። እጄ ላይ መላጊያ ነበር፣ ምን ላደርግበት እንደሆነ አላውቅም። አምስት ዓመት የተቀደደ መሰለኝ።

መቀሱን አስቀመጠች። "ለኔ ነው የላከችው አይደል?" አለችኝ።

"ላንቺ ነው።"

"እንግዲያው ልልበሰው።"

ገብቼ ተቀመጥኩ። ይህች ልጅ እናቷን እየተበቀለች ነው ወይስ ምን እያደረገች ነው እያልኩ ቀኑ ዋለ። እህቴን ልጠራ አሰብኩ፣ ተውኩት።

የአረፋ ዕለት ጠዋት የእህቴ ልጆች አራቱም አረንጓዴ ለብሰው ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። የኔዋ መጨረሻ ወጣች። እኔ ያሰፋሁትን ሰፊ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ከላይ የእናቷን ትንሿን ቀሚስ ደርባለች፤ እጅጌ የለውም፣ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፣ ዳንቴሉ አንገቷን ይዞታል፣ ጠርዙ ክሩ ያለቀበት ቦታ፣ ከጉልበቷ ትንሽ ወረድ ብሎ ያልቃል። ሰደርያ አድርጋዋለች። የኔ ቀሚስ ትርፍ ሁሉ በእናቷ ቀሚስ ተይዞ ተሰብስቧል። ከተቆረጡት እጅጌዎች ደግሞ አራት ኪስ ሠርታ ለጥፋበታለች፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ስፌቷ ጠማማ ነው። ሁለት እጇን ታችኞቹ ኪሶች ውስጥ ከታ ቆመች።

ምን እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ። ላመስግናት ወይስ ልቆጣት አላወቅኩም። እህቴ ዞራ ዞራ አየቻት፣ ዳንቴሉን ነካችው፣ "ቢያንስ ዘንድሮ አልገለበጠችውም" አለችና ሄደን ሰገድን። ከሜዳው ስንመለስ ሰደርያ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ኢድ ሙባረክ ሊሉን ቆመው ልጄን ካዩ በኋላ የራሳቸውን ሰደርያ ቁልቁል አዩና "ማሻአላህ፣ እኛን መስላለች" አሉ። ልጄ እጃቸውን ሳመች። ከዚያ ፎቶ ቤት ገባን። ፎቶ አንሺው ቀጥ በይ ሳይላት ቀጥ ብላ ቆመች።

ፎቶው ሲታጠብ ፖስታ ውስጥ ልከተው ስል "ቆይ አባ" አለችኝ። ነጭ ክር አመጣች። "ለካኝ።"

ለካኋት። እጅጌዋን፣ ቋጠሮ። የደረቷን ዙሪያ በቀሚሷ ላይ ራሷ ይዛልኝ፣ ቋጠሮ። ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ቆረጥኩት። ለመላጊያ የሚሆን ትርፍ አልተውኩም። ፖስታው ውስጥ ሰማያዊውንም ነጩንም ክር አብራ ከተተችና ራሷ አሸገችው። እንቢ ማለት እችል ነበር። የኩታበሯ ሴት ጋ ለሚያደርስልኝ ሰው እስክሰጥ ድረስ መንገዱን ሁሉ ፖስታውን ቀድጄ ስለመጣል ሳስብ ነበር።

ከዚያ ሚስቴ ሁለት አርብ ደወለች። ፖስታው አልደረሳትም። ቀድሜ ልንገራት ብዬ ሁለቱንም ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ሦስተኛው አርብ ልጄ "ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ" አለችኝ። ስልኩ ጮኸ፣ ሃጂ ሰጡኝ። ጨርቅ ማጠፍ ጀመሩ።

ሚስቴ ሰላምታ አላቀረበችም።

"ደርሶኛል" አለች።

"እሺ።"

"ልክ ሆነላት ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬሽ ነበር።"

ስልኩ ውስጥ የሩቅ መኪና ድምፅ ይሰማኛል። ስድቡን ስጠብቅ ቆየሁ። እውነቴን ነው፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

"ነጩን ክር በራሴ ላይ ለካሁት" አለች መጨረሻ ላይ።

"እ?"

"ከትከሻዬ ጀመርኩ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ አለቀ። እጅጌውም የኔ ነው። በኔ ልክ ነው የሆነችው።" ቀጠለች። "እኔ እኮ እዚህ ሱቅ ስገባ የልጆች ቦታ ነበር የምሄደው።"

አብሽሪ፣ አይዞሽ ልላት አሰብኩ። እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም። "የዳቦ ቅርፊቱንስ?" አለችኝ። "እሱንም ዋሽተኸኛል?"

"አላየሁም" አልኳት። "አምስት ዓመት ሙሉ አላየሁም። ምን እንደምትወድ እኔም አላውቅም።"

"በል ስጣት።"

ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችው። ሃጂ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ በረንዳ ወጡ፤ በስልክ ስናወራ ሲወጡልን የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። እናቷ ብዙ ነገር ትጠይቃት ነበር፤ እኔ የምሰማው የልጄን መልስ ብቻ ነው። "አይ፣ ቅርፊቱን ነው አሁን የምወደው" አለች። "አይ፣ አላኮርፍም፣ ዝም ነው የምለው።" ከዚያ ቆም ብላ እኔን አየችኝ፣ ከትከሻዬ በላይ ያሉትን ጣቃዎች አየች።

"እማ፣ ቢጫ አልወድም" አለች። "ያንቺ ስለሆነ ነው የለበስኩት።"

ከስልኩ ውስጥ ድምፅ መጣ። እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አሁንም ድረስ አላወቅኩም፤ ልጄን ብጠይቃት እሷም አላውቅም አለችኝ።